ሳሎን ያለው ቲቪ ለምን ጠፋ?

ግንቦት ላይ ነው። ድሬ በግንቦት ምን እንደምትሆን የኖረባት ያውቃል፣ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመህ ራሱ ያልብሃል።

ሳቢያን የሚኖር አንድ ልጅ ደወለልኝ። ቤቱ ሆኖ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። «አቦ፣ አራት ስክሪን ፈልጌ ነበር» አለኝ። ሦስቱ ጠረጴዛው ላይ የሚሠራባቸው ሞኒተሮች ናቸው። አራተኛው ሳሎን ያለው ትልቁ ቲቪ ነው፤ ሙሽሮች ከነቤተሰባቸው መጥተው ቪዲዮአቸውን የሚያዩት በሱ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል) ጂቲኤክስ 1650 ነው። ሦስት መውጫ አለው፣ ሦስቱም በሞኒተሮቹ ተይዘዋል። ማዘርቦርዱ የራሱ ኤችዲኤምአይ ስላለው መጀመሪያ ቲቪውን እዚያ ልሰካው አስቤ ነበር። ግን ፕሮሰሰሩ አይ5 9400ኤፍ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ካለበት የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ ስለዚህ የማዘርቦርዱ መውጫ ምስል አይሰጥም። ሌላ ካርድ ግድ ሆነ። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ዞሬ ጂቲ 710 የሚባል ያገለገለ ካርድ አገኘሁለት።

ልጁ «ሁለቱን ካርዶች በብሪጅ፣ ማለት በማገናኛ፣ ማያያዝ የለብንም ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ስለሚጠይቀኝ ልንገራችሁ፦ ስክሪን ለማብዛት ማያያዝ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ካርድ የተሰካበትን ስክሪን ራሱ ይመግባል። ሁለተኛውን ካርድ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ሁለተኛ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) ላይ ሰካሁ፣ ረጅሙን ኬብል እስከ ሳሎን ዘረጋሁ። ኢንተርኔት ስለሚንቀራፈፍ ሁሌ ፍላሼ ላይ የምይዘው ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያዘው የሚያደርግ ሶፍትዌር) አለ፣ እሱን ጫንኩ። አራቱም በሩ። ቲቪው የሞኒተሩን ምስል እንዳይደግም ኤክስቴንድ ላይ አድርጌለት ወጣሁ።

በአሥረኛው ቀን ደወለ። «ቲቪው ጠፋ፣ ማታ ሙሽሮች ይመጣሉ!»

በባጃጅ በረርኩ። ስደርስ እናቱ ሳሎኑን አዘጋጅተው ጨርሰዋል፣ ፍራሹ ተነጥፏል፣ ትራሱ ተደርድሯል፣ ቲቪው ግን ጥቁር ነው። ሦስቱ ሞኒተሮች በደንብ ይሠራሉ። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ምንም የለም። ያኔ ሙቀቱንና ሰሞኑን ሄድ መጣ ሲል የነበረውን መብራት አሰብኩና «ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ሁለት ካርድ አልቻለም» ብዬ ፈረድኩ። አልለካሁም፣ አላሰላሁም። ሱቅ ሄጄ አዲስ አምጥቼ ገጠምኩ፣ ልጁም ከፈለ። ቲቪው እንደጠፋ ነው። ማታ ሙሽሮቹ ከነዘመዶቻቸው በአንዲት ሞኒተር ዙሪያ ተጣበው ቪዲዮአቸውን አዩ፣ የሙሽራዋ አያት ደግሞ ከኋላ ቆመው ነው ያዩት። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ወረቀት ላይ ደመርኩ። 1650ው ቢበዛ 75 ዋት ይፈልጋል። ተጨማሪ የኃይል ገመድ እንኳን የለውም፤ የሚበላው ከስሎቱ ነው፣ ስሎቱ ደግሞ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። 710ው 19 ዋት። ፕሮሰሰሩ 65። ድምሩ 159። ሃርድ ዲስኩን፣ ማዘርቦርዱንና ፋኖቹን ብትጨምርበት እንኳ 300 አይደርስም። የነቀልኩት የድሮው ፓወር ሰፕላይ 450 ነበር። ምን አድርጎኝ ነው ያስቀየርኩት?

ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። 1650ውን አውጥቼ 710ውን ብቻውን ሰካሁት። ቲቪው በራ! ግን ምስሉ ልክ አይደለም፣ ፊደሉ ድብልብል ብሏል፣ አይከኖቹ የጡብ ያህል ሆነው ዴስክቶፑን ሞልተውታል። ይህን ያየ ቴክኒሻን ወዲያው ይገባዋል፦ ካርዱ ጤነኛ ነው፣ ድራይቨር ነው የሌለው፣ ዊንዶውስ በራሱ መሠረታዊ ድራይቨር እያንፏቀቀው ነው። ሁለቱንም መልሼ ሰክቼ ዊንዶውስ የተሰኩትን ዕቃዎች የሚዘረዝርበትን ዲቫይስ ማኔጀርን ከፈትኩ። ከ710ው አጠገብ ችግር እንዳለ የሚናገር ቢጫ ምልክት።

«ሰሞኑን የነካኸው ነገር አለ?» አልኩት።

«ምንም አልነካሁም። አድስ ሲለኝ እሺ አልኩ እንጂ።»

ነገሩ እሱ ነው። ሁለቱም የኤንቪዲያ ካርዶች ናቸው፣ ስለዚህ አንድ ድራይቨር ነው የሚጋሩት። ጂቲ 710 ኬፕለር የሚባለው የድሮ ትውልድ ነው። ኩባንያው ለዚያ ትውልድ የመጨረሻው ድራይቨር 470 የሚል ቁጥር ያለው ተከታታይ እንደሆነ አስቀድሞ አስታውቋል፣ ከሱ ቀጥለው እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የወጡት አዳዲስ ተከታታዮች ኬፕለርን አያውቁትም። 1650ው ግን ከሱ በኋላ የመጣ ትውልድ ስለሆነ በአዲሱም በአሮጌውም ይሠራል። ልጁ ሲያድስ አዲሱ ድራይቨር 1650ውን ይዞ 710ውን ጣለው።

የኔ ፍላሽ ላይ የነበረውስ? 470። የመጀመሪያ ቀን አራቱም የበሩት እኔ አውቄ አይደለም፣ አሮጌ ፍላሽ ይዤ ስለሄድኩ ነው። ከመግዛቴ በፊት ሁለቱ ካርዶች በየትኛው ድራይቨር እንደሚገናኙ ማየት ነበረብኝ፣ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ሁለት ካርድ የምትገጥሙ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ከዋትም ከኬብልም በፊት እዩት።

አዲሱን ድራይቨር ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁ፣ 470ውን ጫንኩ፣ ዊንዶውስም በራሱ ድራይቨር እንዳይቀይር ዘጋሁበት። ቲቪው መጣ። የድሮውን ፓወር ሰፕላይ መልሼ ገጠምኩ፣ የአዲሱን ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ተው አቦ፣ ለፍተህበታል» አለኝ። አልተውኩም። የለፋሁት በራሴ ስህተት ነው፣ እሱ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። እናቱ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘው መጡ፣ ስለ ማታው ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ «ውሃውን ጠጣ መጀመሪያ» አሉኝ።

ኬዙ ላይ «ሳትደውል ድራይቨር አታድስ» የሚል ወረቀት ለጥፌ ወጣሁ። ሐምሌ ላይ ስልኬ ጠራ።

«አድስ እያለኝ ነው። ምን ልበለው?»