«የት ነው የምትታረሺው?»

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምሠራው በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ነፍሰ ጡሮች ክትትል የሚያደርጉት እኔ ክፍል ነው። የሰፈሩ ሰው አብዛኛው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ግማሹ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከመሀል ከተማ የወጣ፣ ግማሹ ከገጠር እንጀራ ፍለጋ የመጣ። እዚህ ቤት እንጂ ዘመድ ያለው ጥቂት ነው።

ከዓመት በፊት አንዲት ልጅ በአምስተኛ ወሯ ለክትትል መጣች። ለግንባታ ሠራተኞች ምሳ የምታበስል፣ ቁጥብ ልጅ ናት። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። ስትመረመር ቫይረሱ ተገኘባት። መድኃኒቱን በዚያው ቀን ጀመረች። በአገራችን ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር የሲዲ4 ቁጥሯ (የሰውነት መከላከያ ሴሎች ልኬት) ስንት ነው ሳይባል ትጀምራለች፣ ከወለደች በኋላም ዕድሜ ልኳን ትቀጥላለች።

ጎበዝ ነበረች። ቀጠሮ አታዛንፍም። ባሏ የከባድ መኪና ረዳት ነው፤ አልነገረችውም። ክኒኑ እንዳይንኳኳ ጠርሙሱ ውስጥ ጥጥ ትከትበታለች። አንድ ቀን ከቦርሳዋ አውጥታ ነቅነቅ እያደረገች አሳየችኝ። ድምፅ የለውም።

ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ መጣችና፣ «ሲስተርዬ፣ ዛሬ የሦስት ወር አንድ ላይ ስጪኝ» አለችኝ።

«አይቻልም» አልኳት። «ገና ጀማሪ ነሽ፣ በየወሩ ነው የምትወስጂው።»

«እሺ» አለች። 30 ክኒኗን ይዛ ወጣች። በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ ቀጣይዋን ጠራሁ። ለምን እንደፈለገች አልጠየቅኳትም። በሰልፉ ላሳብበው እችል ነበር፣ ግን «ለምን?» ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀረች። ስልኳ ዝግ ነው። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። የመውለጃ ቀኗም ደርሶ አለፈ። መዝገቡ ላይ «ጠፍታለች» ብዬ ጻፍኩ።

ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ስሌቱ ነው። እናትየዋ መድኃኒት ካልወሰደች ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ቫይረሱ ይተላለፍባቸዋል። በአግባቡ ከወሰደች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይነሳል። አራስ ልጅ በቀን ስንቴ ነው የሚጠባው?

ጤና ጣቢያችን ውስጥ ሌሎች እናቶችን የምታማክር አንዲት እናት አለች። ማዘር ሜንተር እንላታለን። እሷም ከቫይረሱ ጋር ትኖራለች፤ የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ግን ነጻ ናቸው። እኔ «ጠፍታለች» ብዬ መዝገቡን ስዘጋ እሷ መደወሏን አላቆመችም። አንድ ቀን ስልኩ ተነሳ። ያነሱት አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? የእቁብ ጓደኛዋ ነኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት ብዬ ነው» አለች።

«ማርያም ታኑርሽ ልጄ! ሴት ልጅ ተገላገለች። ቆይ ላቅርብልሽ።»

ልጅቷ ለካ ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ገጠር፣ እናቷ ቤት ናት። ምጡ በሌሊት መጥቶባት እዚያው ቤት ወልዳለች። በወለደች በሳምንቷ ክኒኑ አልቋል። አምስት ሳምንት ያህል አልወሰደችም። ሕፃኗም ቫይረሱ እንዳይተላለፍባት ከተወለደች ጀምሮ ማግኘት የነበረባትን ሽሮፕ አላገኘችም። አራስ ቤት ደግሞ ሰው አይጠፋበትም። ገንፎ የምታገነፋው፣ ልጅ የምታጥበው፣ ለጥየቃ የመጣችው፣ ሁሉም እዚያው ነው። የት ብላ ትውጣ? አራስ እንዲሁ ከቤት አይወጣም።

መላውን ያመጣችው ማዘር ሜንተሯ ናት። «የ45 ቀን ክትባት አለባት አይደል? ለክትባት መውጣት ማንም አይከለክልሽም» አለቻት። ልጅቷን አስፈቅደን በአቅራቢያዋ ባለችው ከተማ ወዳለ ጤና ጣቢያ ደወልን። እዚያ ያለችው ነርስ ቀኑን ይዛ ጠበቀቻት። ሕፃኗ ተከተበች፤ ከተረከዟ የደም ጠብታ ተወስዶ ለምርመራ ተላከ። እናትየዋ መድኃኒቷን ይዛ፣ የሕፃኗን ሽሮፕ «የክትባቱ ነው» ብላ ተመለሰች።

ሕፃኗ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነስታ ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ እኔ ጋ መጣች። ዓይኗን ማየት ከበደኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«የሦስት ወር ስጪኝ ያልኩሽ ለዚህ ነበር እኮ ሲስተር» አለችኝ። «ክርስትና ሳናነሳ እንደማይለቁኝ አውቅ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ልጄን የታረስኩት እናቴ ቤት ነው። በስምንተኛ ወሬ ነው የሄድኩት። ይህን እያወቅኩ፣ በስምንተኛ ወሯ የመጣችን ልጅ «የት ነው የምትታረሺው?» ማለት እንዴት ሳይመጣልኝ ቀረ?

ለእነዚህ እናቶች ሁሌ የምንነግራቸው «እንዳታቋርጪ» ነው። እሱንማ ያውቁታል፤ ልጃቸው ነው። የሚያስፈልጋቸው እኛ በር ላይ ሆነን ከማናየው ኑሯቸው ጋር አብሮ የሚሄድ ቀጠሮ ነው። ሰባተኛ ወሯን የያዘችን ሁሉ አሁን ያንን ጥያቄ እጠይቃታለሁ። እናቷ ጋ ከሆነ ማን ያውቃል፣ መድኃኒቱ የት ይቀመጣል፣ ስልኩን ማን ያነሳል ብለን እንመክራለን። ለጀማሪም ቢሆን መላ አይጠፋም። ከኃላፊው ጋር ተነጋግረን መድኃኒት የምንጨምርላት አለች፣ እዚያው አካባቢ ካለ ጤና ጣቢያ ጋር የምናገናኛት አለች። ሽሮፑም አስቀድሞ ይሰጣታል። በጤና ተቋም እንድትወልድ አጥብቄ እነግራታለሁ። ማዘር ሜንተሯም ከእያንዳንዷ ጋር ስትደውል ማን ነኝ እንደምትል ትስማማለች። አንዷ ጋ የእቁብ ጓደኛ ናት፣ ሌላዋ ጋ የቀድሞ ጎረቤት።

የሕፃኗ የመጀመሪያ ምርመራ ነጻ ናት አለ። ውጤቱን ስነግራት ልጇን እቅፍ አድርጋ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ግን አላለቀም። ሕፃኗ አሁን 11 ወሯ ነው፣ ገና ትጠባለች። የመጨረሻው ምርመራ በ18 ወር ነው፣ ያኔም ጡት ከተወች ነው ቁርጡ የሚታወቀው። ለባሏ ገና አልነገረችም፤ አልገፋኋትም፣ አብረን እየተዘጋጀን ነው።

የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው። ቀኑን የመረጠችው እሷ ናት። ሐሙስ ባሏ የጅቡቲ መንገድ ላይ ይሆናል።