«ለአቶ ሙር»

ስለ አሜሪካ የሳይንሳዊና ምናባዊ ልብ ወለድ ደራሲ ስለ ሲ. ኤል. ሙር ለንባብ ጓደኞቼ አጭር ጽሑፍ አዘጋጃለሁ ስል ሥራው ሁለት ምሽት የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያሰናከለኝ የአማርኛ ግሥ ነው።

ሙር «ሻምብሎ» የተባለውን ታሪካቸውን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1933 «ዊርድ ቴልስ» ላይ አወጡ። መጽሔቱ ፐልፕ ከሚባሉት፣ በርካሽና ሻካራ ወረቀት ታትመው በጥቂት ሳንቲም ይሸጡ ከነበሩት ወገን ነበር። ኖርዝዌስት ስሚዝ የተባለ ሽፍታ ማርስ ላይ ሕዝብ ሊገድላት የሚያሳድዳትን ሴት ያስጥላል፤ ሴቲቱ ሻሿን ስትፈታ ግን ከሥሩ የሚወጣው ፀጉር አይደለም። (መጀመሪያ «ጥምጥም» ብዬ ነበር፤ ቄስ ስለመጣብኝ ሰረዝኩት።)

ሄንሪ ከትነር የተባለ ወጣት ደራሲ በ1936 የአድናቆት ደብዳቤ ሲልክ «ለአቶ ሙር» ብሎ ጻፈ። አቶ ሙር ግን ካትሪን ሉሲል ሙር ነበረች፤ ኢንዲያናፖሊስ ባንክ ውስጥ የምትሠራ ጸሐፊ። በአማርኛ ቢሆን ባንኩም መጽሔቱም በአንድ ቃል በጠሯት። ሁለቱ በ1940 ተጋቡ።

ከትነር የደነገጠውን ድንጋጤ አንባቢዬም እንዲደነግጥ ፈለግሁ። «ጻፈ» ካልኩ ዋሸሁ፤ «ጻፈች» ካልኩ ነገሩ አለቀ። «ተጻፈ»፣ «ተላከ»፣ «ታተመ» እያልኩ ብሞክር የፖሊስ ሪፖርት መሰለ። ያዳነኝ አንቱታ ነው፤ አንቱታ ውስጥ ጾታ አይታይም። ሳነብላቸው ደብዳቤው ላይ ደርሼ «ጻፉ»ን ወደ «ጻፈች» ስለውጥ አንዱ ጓደኛዬ እጁን አውጥቶ «ስሕተት አለ» አለኝ። ያን ቀን ከዚያ የተሻለ ምስጋና አላገኘሁም።

እውነተኛው ስሕተቴ ሌላ ነበር። ሙር በስሟ መጀመሪያ ፊደላት የተጠቀመችው ሴትነቷን ለመደበቅ ነው ብዬ አንድ ሙሉ አንቀጽ በቁጭት ጽፌ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚለውም ይህንኑ ነው። እሷ ራሷ የተናገረችው ግን ሌላ ነው፦ በዚያ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ሌላ ገቢ እንዳላት ባንኩ ቢያውቅ ከሥራዋ እንዳትባረር ፈርታ ነው። ያ መጽሔት በሙሉ ስማቸው የሚጽፉ ሴቶችንም ያትም ነበር። ከሁሉ የምወደውን አንቀጽ ቀደድኩት። ባለጉዳይዋን ሳልሰማ ጠበቃ ሆኜ ቆሜ ነበር።

ከጋብቻው በኋላ ያለውን ቶሎ አለፍኩት። ባልና ሚስት ሉዊስ ፓድጌትን በመሰሉ የብዕር ስሞች አብረው ይጽፉ ነበር፤ አንዱ ከታይፕ መጻፊያው ሲነሳ ሌላው ተቀምጦ ይቀጥላል። የትኛው ዓረፍተ ነገር የማን ነው ብሎ መገመት ጥንቆላ ስለሚሆን፣ ጊዜዬን በ1934 ብቻዋን ለፈጠረቻት ሰይፍ ታጣቂ ለጂሬል ሰጠሁ።

ከትነር በ1958 ሞተ። ሙር ለቴሌቪዥን ጥቂት ጽፋ ልብ ወለዱን ተወች። እዚህ ስደርስ ግሡን እንደገና ወደ አንቱታ መለስኩት። በ1987 ሲያርፉ 76 ዓመታቸው ነበር፤ በዚህኛው አንቱታ የምደብቀው ነገር አልነበረኝም።