ለሃምሳ ዓመት የተቀበረችው ፕሊመዝ

ከቺካጎ ወደ ሮስኮ የሚወስደው መንገድ ዓይን የሚይዝ ነገር የለውም። ሃይዌይ ዘጠናን ይዞ ወደ ሰሜን ምዕራብ መንዳት ብቻ ነው። መጋዘን፣ ነዳጅ ማደያ፣ የበቆሎ ማሳ፣ እንደገና መጋዘን። ሮክፎርድን ካለፉ በኋላ የዊስኮንሲን ድንበር ሊደረስ ሲል ሮስኮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ጉዳያችን እዚያ ሙዚየም ውስጥ ያለች፣ ሃምሳ ዓመት መሬት ውስጥ የቆየች ፕሊመዝ የምትባል የአሜሪካ መኪና ናት።

አብረውኝ የነበሩት ቺካጎ ውስጥ ብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ ወዳጄ ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ። “ዝገት ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ?” አሉኝ። ቢሆንም መጡ። መኪና ከተባለ ጋሼ እምቢ አይሉም።

ነገሩ የጀመረው ከዚህ ርቆ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ተልሳ ከተማ ነው። በ1957 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኦክላሆማ ግዛት ከሆነች 50 ዓመት ሞላት። የተልሳ ሰዎች ለ2007 ሰዎች ስጦታ እንላክ አሉ። የመረጡት አዲስ መኪና ነበር፤ የዓመቱ ፕሊመዝ ቤልቬዴር፣ ባለ ሁለት በር፣ ወርቃማና ነጭ። ጁን 15 ቀን ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ በኮንክሪት ጉድጓድ ቀበሯት። ጉድጓዱ የአቶሚክ ቦምብ እንኳ እንዲችል ታስቦ ነው የተሠራው።

አብሯት የገባው ዕቃ ነው የሚገርመው። በ2007 ቤንዚን ላይኖር ይችላል ብለው 10 ጋሎን ነዳጅና የሞተር ዘይት አስገቡላት። አንድ ካሳ ቢራም አለ። የአንዲት ሴት ቦርሳ ውስጥ የሚገኘውን ሁሉ ሰብስበው የዳሽቦርዷ ኪስ ውስጥ ከተቱላት፦ ሊፕስቲክ፣ የፀጉር መያዣ፣ ማስቲካ፣ ሲጋራ። ያልተከፈለ የፓርኪንግ ቅጣት ሳይቀር። ጋሼ እዚህ ላይ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። “ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳይከፍሉ! እኔ አንድ ሳምንት ባዘገይ ጭማሪው ነው የሚገድለኝ።”

ውድድርም ነበረው። በ2007 የተልሳ ሕዝብ ስንት እንደሚሆን በደንብ የገመተ መኪናዋን ይወስዳል ተባለ።

ለምን ፕሊመዝ? በጊዜው የነገን መኪና ላሳይ የሚል ሰው ከዚያ የተሻለ ምርጫ አልነበረውም። ፕሊመዝ ከ1928 ጀምሮ የክራይስለር ኩባንያ ርካሽ መኪና ነበረች። ከሼቭሮሌና ከፎርድ ጋር ነበር የምትፎካከረው፤ የአባወራ መኪና፣ ስድስት ሰው በሁለት ረጃጅም ወንበሮች የምትጭን። በ1957 ግን ዲዛይነሩ ቨርጂል ኤክስነር ከሥር ከመሠረቷ ቀየራት። ጣሪያዋ ዝቅ አለ፣ መስኮቷ ሰፋ፣ ኋላዋ ላይ ትልልቅ ክንፍ በቀለ። ማስታወቂያው “ድንገት 1960 ሆነ!” ይል ነበር። የፊት ሞላዋን አውጥተው በምትኩ ረጃጅም የብረት ዘንግ አደረጉላት። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ያን ያህል አትጋደምም። የአውቶማቲኳ ማርሽ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ በመሪው ግራ የተደረደሩ ቁልፎች ናቸው። ገዢውም ወደዳት፤ በዚያ ዓመት ፕሊመዝ ቢዊክን አልፋ በሽያጭ ሦስተኛ ሆነች።

ስለ ቁልፎቹ ሳወራ ጋሼ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። “ፓርኪንጉ የቱ ጋ ነው?” በ1957ቱ ላይ ፓርኪንግ የሚባል ቁልፍ የለም። አቁመህ የእጅ ፍሬን መሳብ ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ዳገት ላይ ምን ሊውጠኝ ነው!”

ተፎካካሪዎቹ ምን ያህል እንደደነገጡ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1956 በጋ ቻክ ጆርዳን የሚባል ወጣት የጄኔራል ሞተርስ (የሼቭሮሌ አምራች) ዲዛይነር በምሳ ሰዓት ሲነዳ ሽቦ አጥር ውስጥ የቆሙትን አዲሶቹን ፕሊመዞች አያቸው። ቢሮ ተመልሶ ለባልደረቦቹ ተናገረ፤ እነሱም እየሄዱ አዩ። ከዚያ ለ1959 ያዘጋጁትን ጥለው እንደ አዲስ ጀመሩ። ክንፏ አግድም የተዘረጋው የ1959ኟ ሼቭሮሌ ኢምፓላ ከዚያ ድንጋጤ የወጣች ናት። የነዳንበት ሃይዌይም የዚያው ዘመን ነው፤ የተከፈተው በ1958 ነው።

ጁን 15 ቀን 2007 ተልሳ ላይ ጉድጓዱ ተከፈተ። ቦምብ ይችላል የተባለው ኮንክሪት ውሃ አልቻለም። መኪናዋ ጭቃና ዝገት ለብሳ ወጣች። የሚገርመው አጠገቧ የተቀበረው የብረት በርሜል ውስጡ ደረቅ ነበር፤ ባንዲራውም ሰነዱም ደህና ወጣ። ውድድሩን ያሸነፈው ሰው 384,743 ብሎ ገምቶ ነበር፤ ትክክለኛው 382,457 ነው። እሱ ግን በ1979 ሞቷል፤ መኪናዋ በዕድሜ ለገፉ እህቶቹ ደረሰች። ከዚያ ዝገቷን ለማጽዳት ብዙ ተለፋ፤ ብዙ ቦታም ተቀባይ አጣች። በመጨረሻ ይህ የሮስኮ ሙዚየም ተቀበላት።

አሁን ከፊቷ ቆመናል። ክንፎቹ አሉ፣ የጣሪያው ቅርጽ አለ፣ ከርቀት ካየሃት ያቺው ማስታወቂያው ላይ ያለችው ናት። ጠጋ ስትል ግን ላሜራው እንደ ወረቀት ሳስቷል። ጋሼ ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩ፣ ቀና ብለው የፊት መብራቱ አናት ላይ ያለውን ብረት አዩ። “ይሄ ጋ ነው መጀመሪያ የሚበላት” አሉ። እውነታቸውን ነው። የ1957 ፕሊመዝ ጉድጓድ ባትገባም ትዝግ ነበር፤ ከፊት መብራቱ በላይ ያለው ቦታ በዚያ የታወቀ ነው። ዲዛይኑን በጥድፊያ ስላወጡት ዝናብ የሚያስገቡ፣ በጥቂት ዓመት የሚበሱ ብዙ ነበሩ። ገዢዎች ተማረሩ፣ በ1958 ኢኮኖሚውም ተቀዛቀዘ፣ ሽያጩ ወረደ። ስለዚህ እዚህ ያለችው የተበላሸች ናሙና ናት የሚሉት አይዋጥልኝም። ሌላ ቦታ ክሮሟ ተወልውሎ ከምትቆመው ይልቅ የዚያን ዓመት መኪና በትክክል የምታሳየው ይቺ ትመስለኛለች። መንገድ ላይ ብትሆን ኖሮ ምናልባት ከ1965 በፊት ቁርጥራጭ ብረት ሆና ነበር።

ስንመለስ ለጋሼ የቀረውን ነገርኳቸው። የተልሳ ሰዎች በ1998 ሌላ መኪና አሽገዋል። አሁንም ፕሊመዝ፤ ፕራውለር የምትባለዋን። በዚህኛው ጊዜ ግን መሬት ውስጥ ሳይሆን ከመሬት በላይ በተሠራ ቤት ነው፤ የሚከፈተው በ2048። ከታሸገች ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2001፣ ክራይስለር ፕሊመዝ የሚለውን ስም ጭራሽ ዘጋው።

ጋሼ ትንሽ አሰቡበት። “ውሃውንስ አሁን ይከላከሉታል” አሉ። “መለዋወጫ ከየት ሊያመጡ ነው?”