ከመድረክ እስከ ካሜራ፦ በፕሮዲዩሰርነት የሠራሁበት መንገድ

ወደ ፕሮዲዩሰርነት የገባሁት ከመጋረጃ ጀርባ ተነስቼ ነው። የመድረክ ሥራ አስኪያጅ ረዳት ሆኜ የልምምድ ሰዓት በምመዘግብበትና ተዋንያንን ተራቸው ሲደርስ በምጠራበት ዘመን፣ እያንዳንዱ ጥበባዊ ውሳኔ ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቅ በቅርብ ለማየት ችያለሁ።

ለምሳሌ አንዲት ተዋናይት ከአንዱ ትዕይንት ወጥታ በሌላ ቀሚስ እስክትመለስ የነበራት ጊዜ እጅግ አጭር ስለነበር የቀሚሷ ቁልፎች በዚፕ ተተኩ፤ ያም ስላልበቃ የዜማው ደራሲ በመሸጋገሪያው ላይ ሙዚቃ ጨመረ። ያው ትዕይንት በፊልም ቢሠራ ቅያሬው በኤዲቲንግ ይታለፋል፤ ሆኖም ልብሱ ተለውጦ ሜካፑ እስኪስተካከል ድረስ የቀረጻው ቡድን በሙሉ እየተከፈለው ይጠብቃል።

ሦስቱን ዘርፎች ለመሻገር የረዳኝ ወጪው በምን እንደሚለካ መለየቴ ነው፦ የመድረክ በሳምንት፣ የተከታታይ ድራማ በክፍል፣ የፊልም ደግሞ በቀረጻ ቀን። ፊልም አንዴ ከተጠናቀቀ ዋናው የማምረቻ ወጪው አብሮ ያበቃል፤ ተውኔት ግን ከተከፈተ በኋላም የተዋንያንና የሙዚቀኞች ደመወዝ፣ የአዳራሽ ኪራይና የማስታወቂያ ክፍያ በየሳምንቱ ይጠብቁታል። 800 መቀመጫ ባለው አዳራሽ በሳምንት 8 ጊዜ የሚታይ ሥራ 6,400 ቲኬት ለሽያጭ ያቀርባል፤ ሳምንታዊ ወጪውን ለመሸፈን 3,840 ቲኬት መሸጥ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ አዳራሹ በየምሽቱ በግማሽ ቢሞላ እንኳ ሥራው እየከሰረ ነው ማለት ነው። ይህን ስሌት ለባለሀብቶች ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አሳያለሁ፤ ገንዘባቸውን አምነው የሚሰጡ ሰዎች ይህን የማወቅ ሙሉ መብት አላቸው።

በቴሌቪዥን ትልቁ ሥራ መርሐ ግብር ነው፤ በተለያዩ የድራማው ክፍሎች (ኤፒሶዶች) ውስጥ ያሉ፣ ግን በአንድ ቤት የሚካሄዱ ትዕይንቶች በአንድነት እንዲቀረጹ ስክሪፕቶቹ አስቀድመው ማለቅ አለባቸው።

በመብት ጉዳይ ላይ ግን ፈጽሞ አልለሳለስም። የአንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ታሪክ፣ ግጥምና ዜማ የሦስት ሰዎች ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ለመድረክ የተሰጠ ፈቃድም በራሱ ለፊልም አያገለግልም። የደራሲያንን መብት በሚያስጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት መሠረት የድርሰት ጥበቃ በጥቅሉ ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ ቢያንስ ለ50 ዓመት ስለሚቆይ፣ ደራሲው ካረፈ ወራሾቹን ማነጋገር ግድ ይላል። ስለዚህ የመድረክ፣ የቴሌቪዥን፣ የፊልምና የድምፅ ቅጂ መብቶች በውሉ ላይ ተለይተው ሳይጻፉና ሳይፈረሙ ለዲዛይነር እንኳ ቅድመ ክፍያ አልፈጽምም።

ወደ ሙዚቃዊ ፊልም ስሻገር የሥራው ቅደም ተከተል ተለወጠ። በመድረክ፣ ከይፋዊው መክፈቻ በፊት በሚደረጉ የቅድመ ዕይታ ምሽቶች ተመልካቹ የሰለቸውን ዘፈን ማሳጠር ይቻላል። በፊልም ግን ዘፈኑ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በስቱዲዮ ተቀርጾ ተዋንያን ቅጂውን እየሰሙ ስለሚተውኑ፣ ቀረጻ ከተጀመረ በኋላ ፍጥነቱን ወይም ርዝመቱን መለወጥ የተቀረጸውን ትዕይንት ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ዳይሬክተሩ፣ የዜማው ደራሲና የውዝዋዜ አሠልጣኙ የእያንዳንዱን ዘፈን ቅጂ አብረው ሰምተው እስኪስማሙበት ድረስ የካሜራ ኪራይ ውል አልፈርምም።