ጃፓኖች ቤታቸው ቁርስ ምን ይበላሉ?

ቶኪዮ እንደምኖር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጠዋት ምን ትበያለሽ ይለኛል፣ ስለዚ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። መጀመሪያ ያ ኢንስታግራም ላይ የምታዩት አስር ትንንሽ ሳህን የተደረደረበት ቁርስ የሪዮካን ነው፣ ባህላዊ ማረፊያ ቤት ማለቴ ነው፣ ሥራ ያለው ሰው ጠዋት እሱን ሲሠራ አይውልም። ብዙ ቤት እንደውም ወፍራም ቶስትና ቡና ነው፣ እውነቱን ለመናገር።

የሩዙን ቁርስ ለሚፈልግ ግን ሦስት ነገር ይበቃል፦ ሩዝ፣ ሚሶ ሾርባ (ሚሶ ማለት የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ ነው) እና ከጎን አንድ ነገር። ሩዙ ያ አጭሩና የሚጣበቀው ነው፣ ማታ አጥባችሁ ራይስ ኩከሩ ላይ ሰዓት ሞልታችሁ ትተኛላችሁ፣ ስትነሱ ደርሷል።

ሾርባው ነው ዋናው። ኮምቡ የሚባለውን ደረቅ የባህር አረም ማታ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ፍሪጅ አስቀምጡት፣ ጠዋት ስታሞቁት ሊፈላ ሲል አውጡት። የኮምቡ ጣዕም ከየት እንደሚመጣ በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የሚባል የቶኪዮ ፕሮፌሰር ነው ያገኘው፣ ጣዕሙን ኡማሚ ብሎ የሰየመው እሱ ነው። ከዛ ቶፉ (እንደ አይብ የረጋ የአኩሪ አተር ወተት) ቆርጣችሁ ትጨምራላችሁ፣ ደረቅ ዋካሜ የሚባለውን ሌላ የባህር አረም ደሞ ቁንጥር ብቻ፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል ድስቱን ነው የሚሞላው። እሳቱን አጥፉና ሚሶውን ጭልፋ ላይ አድርጋችሁ በቾፕስቲክ እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ አሟሙት፣ ለአንድ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ። ሚሶ ከገባ በኋላ ማፍላት የለም በቃ፣ ሽታው ይጠፋል።

ከጎን ጨው የገባበት ሳልመን ጥሩ ነው፣ እዚህ ጋዝ ምድጃው ሥር ዓሣ መጥበሻ ትንሽ መሳቢያ አለችው ቆዳው እስኪንጣጣ እዛ ይጠበሳል። እንቁላል ጥሬውን ትኩስ ሩዝ ላይ ሰብረው ሶያ ሶስ ጠብ አድርገው የሚበሉም አሉ፣ ክትፎ ጥሬ የሚበላ ሰው እዚህ ላይ ፊቱን ሲያኮሳትር ያስቀኛል 😂 ግን ጃፓን እንቁላል ላይ የሚጻፈው ቀን ጥሬ ለመብላት ታስቦ ነው፣ ሌላ አገር ዝም ብላችሁ አትሞክሩት።

ናቶ... እሺ ናቶ። የተብላላ አኩሪ አተር ነው፣ በትንሽ ነጭ ፎም ይመጣል ውስጡ አንድ ፓኬት ሶስና አንድ ፓኬት ሰናፍጭ አለ። ክዳኑን ስትከፍቱ ላዩ ላይ ያለችውን ስስ ላስቲክ ስታነሱ ክር ክር እያለ ይከተላችኋል፣ በደንብ ስታማስሉት ነጭ አረፋ ያወጣል ያኔ ነው ሩዙ ላይ የሚደፋው፣ የሽንኩርት ቅጠል ከትፋችሁ ጨምሩበት። ሽታው ከባድ ነው አልዋሽም፣ ኦሳካ አካባቢ ያሉ ጃፓኖች ራሳቸው ብዙዎቹ አይወዱትም። እኔ ወድጄዋለሁ፣ ሰናፍጩ ነው መሰለኝ ያለማመደኝ።

ጾም ለምትጾሙ ይሄ ነገር የጾም ነው ማለት ይቻላል፣ ሩዝ ቶፉ ናቶ ኖሪ (እንደ ወረቀት የሳሳ የባህር አረም) ሁሉም ይሆናል (ሰዓቱ ቁርስ ባይሆንም ከሰዓት ብሉት)። ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ የተለመደው የሾርባ ውሃ፣ ዳሺ የሚሉት፣ ካትሱኦቡሺ ማለትም የደረቀ ዓሣ ይገባበታል፣ ለዛ ነው በኮምቡ ብቻ ሥሩት ያልኩት። ሚሶው ላይም ዳሺ ኢሪ (ዳሺ የገባበት) የሚል ካለ ብዙ ጊዜ ዓሣ አለበት፣ የናቶዋ ሶስ ፓኬትም እንደዛው፣ እሷን ተዉአትና በሶያ ሶስ ብሉት።