ከኮምቦልቻው የመኪና ሚዛን የሚመጡትን ባይቶች እንዴት እንዳነበብኳቸው

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የእህል መጋዘን የመኪና ሚዛን አለው። የሚዛኑ ኢንዲኬተር (ክብደቱን በቁጥር የሚያሳየው መሣሪያ) ክብደቱን በሲሪያል ገመድ ያወጣል፣ አንዲት ትንሽ መቀየሪያ ሳጥን ያንን ተቀብላ በኔትወርክ ታስተላልፋለች፣ ደሴ ቢሮ ያለው የጃቫ ፕሮግራም ደግሞ በሶኬት (በኔትወርክ የግንኙነት መስመር) ተገናኝቶ ምዝናውን ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባል። የእኔ ድርሻ ይሄ የመጨረሻው ነበር፤ ከኢንፑት ስትሪም (ተራ በተራ ከሚደርሰው የባይት ጅረት) ባይት አንብቦ ኪሎግራም ማውጣት። ሲያወሩት ቀላል ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለያዘ ሰው እንዲጠቅም፣ ምን እንደሠራሁና የትኛው ቦታ ላይ መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ እዚህ አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ምንም የማይተረጉም ፕሮግራም ነው። የመጣውን ባይት ሁሉ እንዳለ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ ጎን ለጎን እያንዳንዱን ባይት ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ስክሪን ላይ ያሳያል። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው መመሪያ ብዙ ነገር ይዘላል፤ በተለይ የባይት ቅደም ተከተልን። ስለዚህ ኢንዲኬተሩ ላይ የሚነበበውን ቁጥርና በዚያው ቅጽበት የመጡትን ባይቶች ጎን ለጎን ማየት ከመመሪያው ይሻላል። 42,560 ኪሎ የመዘነ የተጫነ መኪና ሚዛኑ ላይ ቆሞ የመጣው ይሄ ነው፦

170 85 1 5 0 64 166 0 0 1 እና ሁለት የማረጋገጫ ባይቶች።

170 እና 85 የፍሬም፣ ማለትም የአንድ ሙሉ መልእክት፣ መጀመሪያ ምልክት ናቸው። 1 የመልእክቱ ዓይነት ነው፣ ክብደት ማለት። 5 እና 0 የይዘቱ ርዝመት፤ 64፣ 166፣ 0፣ 0 ክብደቱ፤ ቀጥሎ ያለው 1 ሚዛኑ መርጋቱን ይናገራል። በድምሩ 12 ባይት። የክብደቱን አራት ባይቶች ትንሹን አስቀድሞ ያነበበ 166ን በ256 አባዝቶ 64 ይደምርና 42,560 ያገኛል። የጃቫው ዳታ ኢንፑት ስትሪም ግን ሁልጊዜ ትልቁን ያስቀድማል፤ ሪድኢንት (አራት ባይት እንደ አንድ ቁጥር የሚያነበው ዘዴ) ብላችሁ ብትጠሩት 1,084,620,800 ኪሎ ይላችኋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ካያችሁ ሚዛኑን አትጠርጥሩ፣ ባይቶቹ ተገልብጠው ተነብበዋል። በባይት በፈር ላይ ቅደም ተከተሉን ሊትል ኤንዲያን (ትንሹን የሚያስቀድም) ማድረግ ይበቃል።

ቀጥሎ ያለው ግን እንዲህ ዓይን አይወጋም። የጃቫ ባይት ከ128 ተቀንሶ እስከ 127 ተደምሮ ነው የሚይዘው፤ 166 ውስጡ ሲገባ 90 ተቀንሶ ይሆናል። አራቱን ባይቶች በእጅ እያዛወራችሁ ስትገጣጥሙ እያንዳንዱን ከ255 ጋር በኤንድ ካላጣራችሁ፣ ያ 42,560 ኪሎ 22,976 ተቀንሶ ሆኖ ይወጣል። ባዶው መኪና 14,100 ሲመዝን ባይቶቹ 20 እና 55 ስለሆኑ ትክክል ይነበባል። 14,300 የሚመዝን ሌላ ባዶ መኪና ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ባይት 220 ስለሆነ ውጤቱ 36 ተቀንሶ ነው። አንዱ ልክ፣ አንዱ ስህተት ሲሆን ሰው ገመዱንና የሚዛኑን ሴንሰር መፈተሽ ይጀምራል። ገመዱ ጤነኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ባይት ወደሚያነበው ዘዴ፣ ወደ ሪድ። ያለ ምንም ነገር ሲጠራ አንድ ባይት በኢንት (በሙሉ ቁጥር ዓይነት) ይመልሳል፣ ከ0 እስከ 255፤ ስትሪሙ ሲያልቅ 1 ተቀንሶ ይመልሳል። ውጤቱን መጀመሪያ ባይት ውስጥ ከትቶ ከዚያ ከ1 ተቀንሶ ጋር የሚያወዳድር ሰው፣ 255 የሆነ ባይት ሲመጣ ስትሪሙ አለቀ ብሎ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ፦ በኢንት መቀበል፣ ማወዳደር፣ ከዚያ መለወጥ።

ድርድር (አሬይ) ሰጥታችሁት ሲጠራ ደግሞ ስንት ባይት እንዳስገባ ይነግራችኋል። ይህን ቁጥር ችላ ማለት የዚህ ሥራ ዋና በሽታ ነው ብዬ አምናለሁ። 12 ጠይቃችሁ 3 ሊመጣ ይችላል፤ ቀጥሎ 5፣ ቀጥሎ 4። ቲሲፒ (ባይቶቹን በኔትወርክ የሚያጓጉዘው ፕሮቶኮል) የሚጠብቀው ቅደም ተከተልን እንጂ የፍሬምን ወሰን አይደለም። ከደሴ አራት መኪና አንድ ላይ ቢነሳ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ የሚገቡት ተራቸውን ሳይለቁ ግን ተበታትነው ሊሆን ይችላል፤ ባይቶቹም እንዲያ ናቸው። ሲሪያሉ በሰከንድ በ9,600 ቢት ፍጥነት ሲሠራ እያንዳንዱ ባይት ከመነሻና ከመዝጊያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ይፈጃል፣ ስለዚህ በሰከንድ 960 ባይት ያልፋል፣ አንድ ፍሬም 12.5 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። በዚህ መሀል ሳጥኗ የያዘችውን ቆርጣ ልትልክ ትችላለች። ላኪና ተቀባይ ፕሮግራም አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሞከሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ 12ቱም ባንዴ ይመጣሉ፤ ስህተቱ የሚወጣው መስክ ላይ ነው።

አቬይለብል የሚባለውን ዘዴ ደግሞ ተዉት። ሳይጠበቅ አሁን ሊነበብ የሚችለውን ግምት ነው የሚሰጠው። «አቬይለብል 0 ካለ አልቋል» ብሎ የተጻፈ ኮድ ኔትወርኩ ትንሽ ሲዘገይ ግማሽ ፍሬም ይዞ ይሄዳል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሪድፉሊን ይመክራል። የጠየቃችሁት እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ስትሪሙ መሀል ላይ ካለቀ ደግሞ ስህተት ይወረውራል። ለፋይል እኔም እሱን እጠቀማለሁ። ለዚህ ሥራ ግን አልመረጥኩትም፤ ምክንያቱ መብራት ነው። ኮምቦልቻ ላይ መብራት ሲጠፋ ሳጥኗ ግንኙነቱን ሳትዘጋ ትሞታለች። ደሴ ያለው ፕሮግራም ምንም አይደርሰውም፣ 1 ተቀንሶም አይመጣም፣ ሪድ ላይ እንደተገተረ ይቀራል። የሶኬቱን ኪፕአላይቭ (ሌላው ወገን መኖሩን የሚጠይቀውን) ብታበሩት እንኳ ሊኑክስ በራሱ ልኬት የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚልከው ከ7,200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሚዛን ቤቱ ተዘግቶ አይቆይም። ስለዚህ ሶኬቱ ላይ የጊዜ ገደብ አስቀመጥኩ። ኢንዲኬተሩ መኪና ባይኖርም በሰከንድ 5 ፍሬም ስለሚልክ 3 ሰከንድ ዝም ካለ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ችግሩ ገደቡና ሪድፉሊ አብረው አይኖሩም። ሪድፉሊ 7 ባይት አንብቦ ጊዜው ቢያልቅ ስህተቱን ይወረውራል፣ ስንቱን እንዳነበበ ግን አይነግራችሁም። እነዚያ 7 ባይቶች ከስትሪሙ ወጥተዋል፣ ተመልሰው አይመጡም። ድጋሚ ስትጠሩት የሚጀምረው ከፍሬሙ ወገብ ነው።

የተጠቀምኩት መንገድ ይሄ ነው፦ 4,096 ባይት የሚይዝ አንድ ድርድርና እስከ የት እንደሞላ የሚያሳይ አንድ ቁጥር። ሪድ ያመጣውን ከሞላው ቀጥሎ ያስገባል፣ ቁጥሩም በመጣው ልክ ያድጋል። ሌላ ክፍል ደግሞ ከድርድሩ መጀመሪያ ሙሉ ፍሬም እየፈለገ ያወጣል፣ የተረፈውን ወደ ፊት ይገፋል። ጊዜው ቢያልቅ የተነበበው እዚያው ድርድሩ ውስጥ ነው፤ የሚጠፋ የለም። ሙሉ ፍሬም ካልሞላ ዝም ብሎ መመለስ ብቻ። ግንኙነቱ ተቋርጦ አዲስ ሲከፈት ግን ድርድሩን ባዶ ማድረግ ግድ ነው፤ የድሮው ግማሽ ፍሬም ከአዲሱ ጋር ከተጣበቀ የማይኖር መኪና ይፈጠራል።

የመጀመሪያውን ምልክት ማግኘት ብቻውን ፍሬም አገኘሁ አያሰኝም። ሚዛኑ በ10 ኪሎ ክፍፍል ነው የሚመዝነው፤ 21,930 ኪሎ የሆነ መኪና ሲወጣ የክብደቱ ባይቶች 170፣ 85፣ 0፣ 0 ናቸው። ፕሮግራሙ በዚያ ሰዓት ከፍሬም መሀል ከተገናኘ ይሄንን ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ዓይነቱን 0 ብሎ ያነባል፣ ለርዝመት የሚያገኛቸው 0 እና 1 ናቸው፣ ማለትም 256። 256 ባይት ይዘትና 2 የማረጋገጫ ባይት እስኪሞላ ደግሞ በሰከንድ 60 ባይት እየመጣ ከ4 ሰከንድ በላይ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዓይነቱ 1 ከሆነ ርዝመቱ የግድ 5፣ ዓይነቱ 2 ከሆነ ከ64 የማይበልጥ፣ ሌላው ሁሉ ሐሰት። ርዝመትን ከስትሪም አንብቦ ሳይጠይቅ በዚያ ልክ ድርድር የሚፈጥር ኮድ አንድ ቀን ሜሞሪ ይጨርሳል።

ማረጋገጫው ሳይገጥም ሲቀርስ? ሙሉውን 12 ባይት መጣል ያጓጓል፣ ግን አይጣልም። አንድ ባይት ብቻ ዘልሎ እንደገና ምልክት መፈለግ ነው፤ እውነተኛው ፍሬም ከተጣለው ውስጥ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ስለ ማረጋገጫው ራሱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚደክምበት ስለሆነ። መመሪያው «ሲአርሲ 16» (ከባይቶቹ የሚሰላ ባለ 16 ቢት ማረጋገጫ ቁጥር) ብቻ ሊል ይችላል፤ በዚህ ስም የሚጠሩት ግን ብዙ ናቸው። ከ1 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች እንደ ጽሑፍ አድርጋችሁ በኮዳችሁ አስሉ። 10673 ከሰጠ ከ65535 የሚነሳው የሲሲአይቲቲ ዓይነት ነው፣ 12739 ከሰጠ ከ0 የሚነሳው ኤክስሞደም ነው፣ 19255 ከሰጠ ሞድባስ ነው። ከዚያ የቀዳችሁትን ፍሬም በሦስቱም እየሞከራችሁ የሚገጥመውን ያዙ። ምልክቶቹ 170 እና 85 በስሌቱ ውስጥ ይግቡ አይግቡም መሞከር አለበት፤ እዚህ ሚዛን ላይ አይገቡም።

ዓይነት 2 የሆነው መልእክት ጽሑፍ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የታርጋ ቁጥርና የመነሻ ቦታ፣ በአማርኛ። እዚህ ላይ ርዝመት የሚቆጠረው በባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት በሚጽፈው ሥርዓት) እያንዳንዱ የፊደል ገበታችን ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ደሴ» 225፣ 139፣ 176፣ 225፣ 136፣ 180 ሆኖ ይመጣል፣ 6 ባይት፤ «ኮምቦልቻ» 15። ሪድ በ4ኛው ባይት ላይ ቆርጦ ቢያመጣና የደረሰውን እየተቀበላችሁ ወደ ጽሑፍ ብትቀይሩ፣ «ደ» ትወጣለች፣ «ሴ» በጥያቄ ምልክቶች ትተካለች፣ የተበላሸውም ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። ይዘቱ በሙሉ ከተሰበሰበና ማረጋገጫው ከገጠመ በኋላ ብቻ ባንዴ መቀየር ነው፤ ሲቀየርም ዩቲኤፍ-8 ብሎ በስም መጥራት። ከጃቫ 18 በፊት ያሉት ስም ካልተሰጣቸው የኮምፒውተሩን ልማድ ነው የሚከተሉት።

በዚሁ ምክንያት ክብደቱንም በሪደር ወይም በስካነር ማንበብ አይቻልም። እነሱ ባይቱን ፊደል ነው ብለው ይተረጉሙታል፣ 166 ለብቻው ሲመጣ ትርጉም ስለሌለው በሌላ ምልክት ይተኩታል፣ ዋናው ጠፋ። ከሚያስፈልጋቸው በላይም ቀድመው ያነባሉ፤ በአንድ ሶኬት ላይ ሁለት አንባቢ ካስቀመጣችሁ አንዱ የሌላውን ባይት ይበላል።

ለመሞከር ሚዛኑ ጋር መሄድ አያስፈልግም። መጀመሪያ የቀዳሁትን ፋይል በሦስት መንገድ አሳለፍኩት፦ ሙሉውን ባንዴ፣ በየጥሪው 1 ባይት ብቻ በሚሰጥ ስትሪም፣ በየጥሪው ከ1 እስከ 7 በዘፈቀደ በሚሰጥ ስትሪም። ሦስቱም አንድ ዓይነት የክብደት ዝርዝር ማውጣት አለባቸው። ከዚያ ከፋይሉ መሀል አንድ ባይት አጥፍቼ አንድ ፍሬም ብቻ መጉደሉን አየሁ። ባለ 1 ባይቱ ስትሪም አሥር መስመር የማይሞላ ኮድ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትተዉ እንኳ እሱን ጻፉ።

በሌሎች ቋንቋዎችም ነገሩ ያው ነው። የፓይተን ሶኬትም ያነሰ ሊሰጥ ይችላል። ሲ በዊንዶውስ ላይ ፋይል ሲከፍት ባይነሪ ካልተባለ 13 እና 10ን አንድ ላይ ሲያገኝ 13ን ያስቀራል፣ 26ን ደግሞ የፋይል መጨረሻ አድርጎ ይወስዳል።

ጥሬውን ባይት የሚቀዳውን ክፍል ሥራው ካለቀ በኋላም አላጠፋሁትም። በሰከንድ 60 ባይት በቀን 5.2 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ወሩ ሙሉ ቢቀመጥ 160 ገደማ ነው። ነጋዴው «የእኔ ስንዴ ይሄን ያህል አልነበረም» ብሎ ሲመጣ፣ የዚያን ሰዓት ባይቶች አውጥቶ ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር ይቻላል።