ለወረዳ መወዳደር የምትፈልገው ልጅ

"የዛሬ ወጣት ለአገሩ ግድ የለውም" ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኔ የማውቃቸው ግድ አላቸው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲታመም ብር የሚያሰባስቡት፣ ክረምት ሲገባ የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱት፣ ቴሌግራም ላይ ስለ ታክሲ ታሪፍ እስከ እኩለ ሌሊት የሚከራከሩት እነሱ ናቸው። ከዚህ አልፈው "እኔ ልመረጥ" ለማለት ሲሆን ነው የሚሸሹት።

አንዱ ምክንያት ቤት ነው። እናቴ "ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ" እያለች ነው ያሳደገችን። አልፈርድባትም። ታላቅ ወንድሟ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል፤ ስሙ ሲነሳ እስከ ዛሬ ተነስታ ትወጣለች። እንዲያም ሆኖ ለግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ ሌሊት ተነስታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር እየተሳሳቀች ተሰልፋለች። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ፣ የሰፈራችን ልጆችም ታፍሰው ተጫኑ። እሷም ወደ ድሮ ምክሯ ተመለሰች።

የእህቴ ልጅ ግን ይህ ፍርሃት የለባትም። ሰሞኑን "አክስቴ፣ ለወረዳ ምክር ቤት መወዳደር ብፈልግ ከየት ልጀምር?" አለችኝ። 21 ሞልቷታል፤ ሕጉ ለዕጩነት የሚጠይቀው ዕድሜም ይኸው ነው። የምነግራት አጣሁ።

የወረዳና የቀበሌ ምርጫ በ2005 ተካሂዶ ነበር። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። በ2013 ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥም የወረዳው አልነበረበትም። በ2005 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ትዳር ይዞ ይሆናል፤ የወረዳውን ተወካይ ግን መርጦ አያውቅም። እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የውሃው፣ የመንገድ መብራቱ፣ የቦዩ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። ወጣት ጎረቤቱን ማሳመን፣ መሸነፍና እንደገና መሞከር የሚማረው እዚያ ነበር። እሱ ከሌለ ፖለቲካ ማለት በቴሌቪዥን የሚታይ፣ 547 ወንበር ያለው የሩቅ አዳራሽ ይሆንበታል።

ሌላው መንገድ "አባል ሁኚ፣ ሥራ ታገኛለሽ" የሚባለው ነው። እንጀራ ፍለጋ የሚገቡትን አልወቅስም፣ ሥራ የለማ። ግን ከልቧ ማገልገል የምትፈልገውም ልጅ "ለጥቅም ነው የገባችው" እንዳትባል ብላ ትቀራለች።

እድራችን እሁድ ይሰበሰባል። ኮሚቴው በሙሉ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው፤ ልጆቻችን በወላጆቻቸው ስም ተመዝግበው ድንኳን ከመትከል በቀር ድርሻ የላቸውም። የእህቴን ልጅ ለጸሐፊነት እጠቁማለሁ። ሊቀ መንበሩ "ገና ልጅ ናት" ማለታቸው አይቀርም። የዕጩዎችን ዕድሜ የሚናገረውን የምርጫ ሕግ አንቀጽ አትሜ ይዤ እሄዳለሁ።